የኤሌክትሪክ አጥር መከርከሚያን ያለ አደጋ መጠቀም፦ ከመሰካትዎ በፊት ጀምሮ እስከ ማስቀመጥ

የአጥር ተክል መከርከሚያ ማሽን ሲያዩት አያስፈራም። ቀላል ነው፤ አብዛኛው ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። ድምፁም እንደ ሰንሰለት መጋዝ ልብ አያርድም። ስለዚህ ብዙ ሰው ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ሰክቶ፣ በዚያው ሥራ ይጀምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሰው ያልፈራውን ነገር አይጠነቀቅም። ይህ ማሽን ደግሞ ቅርንጫፍና ጣትን ለይቶ አያውቅም።

እጅ ወደ ስለቱ የሚጠጋባቸው አጋጣሚዎች የታወቁ ናቸው። የተሰነቀረ እንጨት ለማውጣት። የተጠራቀመ ቅጠል ለማራገፍ። እምቢ ያለ ቅርንጫፍ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ለመቁረጥ። ማሽኑን ከቦታ ቦታ ለማዘዋወር። ሁሉም የቅጽበት ሥራ ስለሚመስሉ ሰው ይዘናጋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙልኝ፦ ስፒናው ከሶኬት ሳይነቀል፣ ወይም ባትሪው ሳይወጣ፣ እጅ ወደ ስለቱ አይጠጋም። ማብሪያውን መልቀቅ ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ ማሽኑን ይወቁት

አሠራሩ ከፀጉር ቤት ቶንዶስ ጋር አንድ ነው። ሁለት ጥርሳም ስለቶች ተደራርበው ይቀመጣሉ። አንዱ በሌላው ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ደግሞ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይመላለሳሉ፤ 3,000 የሚደርሱም አሉ። በሁለት ጥርሶች መካከል የገባ ነገር ሁሉ ይቆረጣል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ማሽኑ መቁረጥ የሚችለው በጥርሶቹ መካከል የሚገባውን ውፍረት ብቻ ነው። ለቤት በሚሆኑት ላይ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ከአውራ ጣት የሚወፍር ነገር ካስገቡበት ይሰነቀራል። ሁለተኛ፣ ማብሪያውን ሲለቁ ስለቱ ለጥቂት ጊዜ መሄዱን ይቀጥላል። ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች በአንድ ሰከንድ ገደማ ይቆማሉ። አሮጌዎቹ ግን ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። የእርስዎ ማሽን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ከሥራ በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው ይዩት።

ቀጥሎ እጀታዎቹን ይመልከቱ። አብዛኞቹ ማሽኖች ሁለት ማብሪያ አላቸው፤ አንዱ በፊት እጀታ ላይ፣ ሌላው በኋላው ላይ። ማሽኑ የሚነሳው ሁለቱም ሲጫኑ ነው። አንዱ ከተለቀቀ ይቆማል። ይህ የተደረገው እንዲያስቸግርዎ ተብሎ አይደለም። ሁለቱም እጆችዎ እጀታ ላይ ካሉ ስለቱ ጋ የሚሄድ እጅ የለም ማለት ነው። አንዱን ማብሪያ በናስትሮ ጠቅልለው ወይም በሽቦ አስረው በአንድ እጅ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው ካዩም ዝም አይበሉ። የማሽኑ ትልቁ መከላከያ እሱ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት መከላከያው መሥራቱን ያረጋግጡ። ማሽኑን ከተክሉም ከሰውም አርቀው ይያዙና የኋላውን ማብሪያ ብቻ ይጫኑ። ከተነሳ ተበላሽቷል። የፊቱንም ለብቻው እንደዚሁ ይሞክሩ። ባንዱ ብቻ የሚነሳ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ አይጠቀሙበት።

አሁን ስፒናውን ይንቀሉና የቀረውን ይዩ። የላላ ብሎን አለ ወይ? የተሰበረ ወይም የታጠፈ ጥርስ አለ ወይ? ከፊት እጀታው ቀጥሎ ያለው የእጅ መከለያ በቦታው ነው ወይ? ገመዱ ማሽኑ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ተልጧል ወይ? ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ኤሌክትሪኩ፦ ሰው የሚዘናጋበት ቦታ

ባለ ገመድ ማሽን ይዘው ስለታም ነገር በሚያንቀሳቅሱበት ቦታ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ገመድ አብሮዎት ይሄዳል። የራስን ገመድ መቁረጥ የተለመደ አደጋ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ሰው "ቤቱ ብሬከር አለው፣ ችግር ቢፈጠር ይጥላል" ብሎ ያስባል። ስሌቱን እንየው። 600 ዋት የሆነ መከርከሚያ በ220 ቮልት ሲሠራ 3 አምፒር ያህል ይስባል። የቤት ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፒር ነው። ሥራው ሽቦው ከመጠን በላይ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ መከላከል ነው። ሰውን ሊገድል የሚችለው ግን ከአንድ አምፒር እጅግ ያነሰ ነው። ኤሌክትሪክ በሰውነትዎ አልፎ ወደ መሬት ቢሄድ ተራው ብሬከር ላያውቀው ይችላል።

እርስዎን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አርሲዲ ይሉታል። በአንዱ ሽቦ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፒር ያህል ልዩነት ሲያይ በቅጽበት ይቆርጣል። ማሽኑ ራሱ ከሚስበው አንድ መቶኛ ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ መኖሩን ካላወቁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠይቁ። ከሌለ ደግሞ ሶኬት ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ አለ። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ሥራ በጀመሩ ቁጥር ይጫኑት። ካልጣለ አይሠራም ማለት ነው። ለግቢ ሥራ የሚገዙት አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ይሄ ይሁን እላለሁ።

ብዙዎቹ መከርከሚያዎች ላይ በካሬ ውስጥ የተሣለ ካሬ ምልክት ያያሉ። ድርብ ሽፋን አለው ማለት ነው። የመሬት ሽቦ የሌለው ባለ ሁለት እግር ስፒና የሚኖረውም ለዚህ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር ያድንዎታል። ገመዱን ከቆረጡ ወይም ውሃ ከገባበት ግን ምልክቱ ምንም አይረዳዎትም።

ማራዘሚያ ገመዱን በተመለከተ፦ ለውጭ ሥራ የተሠራ፣ ወፍራም የጎማ ሽፋን ያለው ይሁን። የሽቦው ውፍረት ከ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ከሆነ ከቅጠሉ መሐል በቀላሉ ይታያል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ገመድ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። በመጠቅለያ ላይ ያለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ከሠሩበት ይግላል። ተቆርጦ በናስትሮ የተቀጠለ ገመድ ለግቢ ሥራ አይሆንም።

ገመዱ የት ይሁን? ሁልጊዜ ከኋላዎ። ከማሽኑ ተነስቶ በትከሻዎ ላይ አልፎ በጀርባዎ ይውረድ። ሥራውን ለሶኬቱ ቅርብ ከሆነው የአጥሩ ጫፍ ይጀምሩና እየራቁ ይሂዱ። እንዲህ ሲያደርጉ ገመዱ ተከርክሞ ባለቀው በኩል ይቀራል፤ ስለቱ ደግሞ ወዳልተከረከመው ይሄዳል። ሁለቱ አይገናኙም። ከሩቁ ጫፍ ከጀመሩ ግን ገመዱ እየተጠቀለለ እግርዎ ሥር ይመጣል። የማሽኑ እጀታ ላይ የገመድ ማንጠልጠያ ካለ ማራዘሚያውን በእሱ ያሳልፉት፤ ሲጎተት ከስፒናው አይወልቅም።

ገመዱን ቢቆርጡትስ? ማብሪያውን ይልቀቁ። የተቆረጠውን ገመድ አይንኩት፣ አያንሱት፣ "የት ላይ ነው" ብለው ጎንበስ ብለው አይዩት። ቀጥታ ወደ ሶኬቱ ሄደው ይንቀሉ። ሶኬቱ እርጥብ ከሆነ ወይም ካልተመቸዎት ብሬከሩን ያጥፉ። ገመዱን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብሬከሩ ራሱ ጥሎ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ዝናብ ሲዘንብ አይሠራም። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነም አይሠራም። የጠዋት ጤዛም ውሃ ነው፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው ይጠብቁ። በሥራ መሐል መብራት ቢጠፋ ስፒናውን ይንቀሉ። መብራት ሲመለስ ማሽኑ የት እንዳለና ማን እንደያዘው አይታወቅም።

በባትሪ የሚሠራ ካለዎት የገመዱ ጣጣ ሁሉ ይቀርልዎታል። ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የገመድ ማሽን ሲነቀል መነቀሉ ይታያል። ባትሪው ውስጡ ያለ ማሽን ግን መሬት ላይ ተጋድሞም ዝግጁ ነው። ውሃ ለመጠጣት እንኳ ሲሄዱ ባትሪውን አውጥተው ኪስዎ ይክተቱት።

ልብስ

መነጽር ግዴታ ነው። የማየት መነጽር ጎኑ ክፍት ስለሆነ አይተካውም፤ ጎኑ የተሸፈነ የሥራ መነጽር ያስፈልጋል። ጫማው የተሸፈነና የማያንሸራትት ይሁን። ሱሪ ረጅም፣ እጅጌ ረጅም ግን ጠበብ ያለ። ሻርፕ፣ የአንገት ሐብል፣ የሚንዘላዘል ክር ይቅር፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር።

ጓንት ከእሾህና ከጭረት ያድናል፤ እጀታውንም አጥብቆ ለመያዝ ይረዳል። ከስለቱ ግን አያድንም። ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ የሚደፍር ሰው ባዶ እጁን ከሆነ ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ጆሮንም አይርሱ። የጆሮ ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም፣ ከመጣ ግን አይመለስም። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል። በየ3 ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 94 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የማሽንዎ ድምፅ መጠን መመሪያው ላይ ወይም ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው።

ተክሉን ዞረው ይዩት

ማሽኑን ሳይዙ አጥሩን በሁለቱም በኩል ይዙሩት። ቅጠሉን በእንጨት ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ውስጡን ይመልከቱ። ያረጀ የአጥር ሽቦ፣ ምስማር፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሃ ጎማ፣ የግቢ መብራት ሽቦ። ተክሉ እያደገ እነዚህን ሁሉ ይውጣቸዋል። ስለቱ ሽቦ ሲያገኝ ጥርሱ ይሰበራል፤ ስባሪውም ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። የመብራት ሽቦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ያገኙትን ያውጡ። ማውጣት ካልቻሉ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበትና እዚያ አካባቢ በእጅ መቀስ ይቁረጡ።

ንብና ተርብ የማሽኑ ንዝረት ያስቆጣቸዋል። ቀፎ ወይም ጎጆ ካለ ያንን ቀን ሥራው ይቅር። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት የወፍ ጎጆ ካገኙም ወፎቹ እስኪወጡ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አጥር ሥር እባብ ሊኖር ይችላል፤ እግርዎን ከማስገባትዎ በፊት በረጅም እንጨት ነካ ነካ ያድርጉት። ወደ ላይም ይመልከቱ፤ በአጥሩ በላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ወደሱ የተጠጋውን ቅርንጫፍ እርስዎ አይንኩት።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ስለቱ አጥሩን አልፎ በዚያኛው በኩል ይወጣል። እዚያ ደግሞ ልጅ ሊጫወት፣ ጎረቤት አበባ ሊያጠጣ ይችላል። ሥራ ሊጀምሩ መሆኑን ይንገሯቸው። ልጆችና የቤት እንስሳት 15 ሜትር ያህል ይራቁ። ልጅ ከኋላ መጥቶ ቢጠራዎት በማሽኑ ድምፅ አይሰሙትም፤ ዞር ሲሉ ስለቱም አብሮ ይዞራል።

ተክሉ ራሱ ምን ዓይነት ነው? ቅንጭብ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ። ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ለጊዜው ማየት የሚከለክልበትም አጋጣሚ አለ። ማሽን ደግሞ ወተቱን ይረጨዋል። የኔ ምክር ቅንጭብን በማሽን አለመንካት ነው። በእጅ መቀስ፣ በመነጽርና በጓንት ቀስ ብሎ መቁረጥ ይሻላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጽድ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ለተክሉ ነው። አረንጓዴውን ብቻ ይከርክሙ። ቡናማው እንጨት ድረስ ከገቡ እዚያ ቦታ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ቀዳዳው ይቀራል።

በመጨረሻ ከአውራ ጣት የወፈሩትን ቅርንጫፎች አስቀድመው በአትክልት መቀስ ወይም በእጅ መጋዝ ያውጡ። ይህን ያደረገ ሰው ማሽኑ አይሰነቀርበትም፤ ስለዚህ እጁን ወደ ስለቱ የሚወስድበት ምክንያት ያንሳል።

አቋምና አነሳስ

መሬቱን ከድንጋይና ከጉድጓድ ያጽዱ። እግርዎን በትከሻ ስፋት ይክፈቱ። ሁለቱንም እጀታዎች አጥብቀው ይያዙ፣ አውራ ጣትዎ እጀታውን ዞሮ ይያዘው። ክርንዎ ወደ ሰውነትዎ ይጠጋ። ስለቱ ከእግርዎና ከገመዱ ይራቅ።

ማሽኑን አጥሩ ውስጥ ከትተው አያስነሱት። መጀመሪያ አስነስተው ሙሉ ፍጥነቱን ይያዝ፤ ከዚያ ያስገቡት። ሲያበቁም መጀመሪያ ከቅጠሉ ያውጡት፣ ቀጥሎ ማብሪያውን ይልቀቁ፣ ስለቱ ሲቆም በዓይንዎ ይዩ፣ ከዚያ ዝቅ ያድርጉት። ሥራው ውስጥ ሲገቡ ይህ ቅደም ተከተል በራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ግን በልብዎ እየቆጠሩ ይሥሩት።

መከርከሙ

ከጎን ይጀምሩ፣ ላዩን በኋላ። ጎኑን ከታች ወደ ላይ በሰፊ ቅስት ይጥረጉት። ከላይ ከጀመሩ የወደቀው ቅጠል ያልተከረከመውን ይሸፍንብዎታል። ከታች ሲጀምሩ ግን ከፊትዎ ያለው ሁልጊዜ ይታያል። ስለቱ በሁለቱም ጠርዝ ስለሚቆርጥ ሲወጣም ሲወርድም ይሠራል። ቢሆንም ለጀማሪ ሲወጣ ብቻ መቁረጥ ይቀላል።

ማሽኑን አይግፉት። በራሱ እንዲበላ ይተዉት። ድምፁ ከከበደ በዝተውበታል ማለት ነው፤ መለስ ያድርጉትና በስሱ እንደገና ይሂዱበት። አንድ ጊዜ ጠልቀው ከመቁረጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መላጨት ይሻላል። የተቆረጠ አይቀጠልም።

የአጥሩ ሥር ከአናቱ ትንሽ ሰፋ እንዲል አድርገው ይከርክሙ። አናቱ ከሰፋ ሥሩ ብርሃን ያጣል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። ከታች የተራቆቱ አጥሮች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው የተራቆቱት።

ለላዩ ሁለት ችካል በአጥሩ ጫፍና ጫፍ ይትከሉና በሚፈልጉት ቁመት ሲባጎ ይወጥሩ። በውሃ ልክ ቢያዩት ይበልጥ ይስተካከላል። ሲባጎው ከአጥሩ ፊት ለፊት ትንሽ ራቅ ብሎ ይለፍ፤ ስለቱ ከያዘው ይጠቀለልበታል። ስለቱን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ዘንበል አድርገው ከጎን ወደ ጎን ይጥረጉ። በጥረጋው መጨረሻ የተቆረጠው ወደ መሬት እንዲወድቅ ማሽኑን ገፋ ያድርጉት። አናቱ ላይ የቀረውን ቅጠል በእጅዎ አያንሱ፣ በሬክ ያውርዱት። አስቀድመው ሥሩ ላይ ሸራ ካነጠፉ ጽዳቱ ይቀላል፤ ግን ሸራው እግር የሚያደናቅፍ ሆኖ እንዳይጨማደድ።

ክንድዎን ከትከሻ በላይ አንስተው አይሥሩ። ያን ጊዜ ማሽኑ ይከብዳል፣ ሲደክምዎት ወደ ፊትዎ ወይም ወደ ጭንዎ ይወርዳል። በየ15 እና 20 ደቂቃው እረፍት ይውሰዱ። ጣትዎ መደንዘዝ ወይም መንጣት ከጀመረ ንዝረቱ እየጎዳዎት ነው፤ ለዚያ ቀን ይበቃል።

ሲሰነቀር

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የተሰነቀረ ስለት የቆመ ይመስላል እንጂ ኃይል ተጭኖበት ነው ያለው። እንጨቱ ሲወጣ ስለቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ማብሪያው ሳይታወቅ ከተነካ ደግሞ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል።

1. ሁለቱንም ማብሪያዎች ይልቀቁ።
2. ስፒናውን ከሶኬት ወይም ከማራዘሚያው ይንቀሉ። ባትሪ ከሆነ ያውጡ። የነቀሉትን ጫፍ በዓይንዎ ይዩት።
3. ማሽኑን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ በአንድ እጅ አንጠልጥለው አይሥሩ።
4. እንጨቱን በፒንሳ ወይም በሌላ እንጨት ያውጡ። በጣት አይደለም።
5. የተጣመመ ጥርስ መኖሩን አይተው መልሰው ይሰኩ።

በአንድ አጥር ላይ ደጋግሞ የሚሰነቀር ከሆነ ወይ ስለቱ ደንዟል፣ ወይ ቅርንጫፉ ለማሽኑ ወፍሯል። እጅን ማስለመድ መፍትሔ አይደለም።

ረጅም አጥር

መሰላል ላይ ወጥቶ መከርከም አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ መሰላል ደግሞ ቢያንስ አንድ እጅ ይፈልጋል። ሦስት እጅ የለንም። ሚዛን ሲስቱ በደመ ነፍስ አንድ ነገር ለመያዝ ይሞክራሉ፤ በእጅዎ ያለው ደግሞ የሚሠራ ስለት ነው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ የቆመ፣ ሰፊ መርገጫና መደገፊያ ያለው መድረክ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው መሬት ላይ ቆመው የሚሠሩበት ባለ ረጅም ዘንግ መከርከሚያ ነው። ብዙዎቹ የሚታጠፍ ጫፍ ስላላቸው አናቱንም ይደርሱበታል። ዘንጉ ከብረት ከሆነ ግን ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አይነሳም።

ጉዳት ቢደርስ

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት፣ እጁን ከፍ ያድርጉት። ጨርቁ በደም ቢርስ ሌላ ይደርቡበት፤ የመጀመሪያውን አያንሱ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠውን ክፍል በንጹሕና እርጥብ ፋሻ ይጠቅልሉት፣ በላስቲክ ከረጢት ያሽጉት፣ ከረጢቱን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ ያስቀምጡት። ጣቱ ራሱ በረዶውን መንካት የለበትም፣ ይጎዳዋል። ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት።

ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ካዩ አይንኩት። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። ማጥፋት ካልቻሉ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው ያርቁት። የማይነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ ያስጠሩ። የደረቱን መሐል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እያወረዱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። "ደህና ነኝ" ብሎ ቢነሳም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምት መዛባት ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። በዚህ የተነሳ ብቻዎን ባይሠሩ እመርጣለሁ። ጠርተው የሚሰማዎ ሰው ግቢው ውስጥ ይኑር።

ካበቁ በኋላ

ይንቀሉ። ስለቱን በብሩሽ ይጥረጉት፤ የተጋገረ ሙጫ ካለ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ያብሱት። በውሃ ጎማ አያጥቡት፤ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ቀጭን ዘይት በጥርሶቹ ላይ ጠብ ጠብ ያድርጉና ጥቂት ሰከንድ ያስኬዱት፣ ከዚያ መልሰው ይንቀሉ። ዘይት ያልነካው ስለት ይግላል፣ ይዝጋል፣ ቶሎ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ስለት ደግሞ ቅጠሉን በመቁረጥ ፈንታ ይተለትለዋል። ከተከረከመ ከጥቂት ቀን በኋላ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ካዩት ስለቱ ሞረድ ይፈልጋል።

ማሽኑን ከቦታ ቦታ ሲወስዱ የስለቱ ሽፋን ይደረግ፣ ስለቱ ወደ ኋላ ይዙር፣ ጣትዎ ማብሪያው ላይ አይሁን። ባትሪውን ለወራት የማይነኩት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው፣ ከማሽኑ ለይተው፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ማሽኑ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ወይም በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይሁን።